የአንሶላው ዘፈን

ሠርግ ላይ ያ ዘፈን ሲጀመር እኔ ወደ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ። ባለቤቴ ለምዶታል፤ ቦርሳዬን ይቀበለኛል። የሱ ዘመዶች ግን ሆዴን የሚያመኝ መስሏቸዋል፤ አማቴማ የጨጓራ መድኃኒት ሁሉ ጠቁማኛለች። እኔ መታጠቢያው ላይ ተደግፌ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ቧንቧ ግን ምን ያህል ይጮሃል? አዳራሹ በሙሉ ባንድ ድምፅ ሲቀበለው ይሰማኛል።

ነይ እጄን ያዢልኝ፣ ወደኔ ቅረቢ፣
ደሞ ወደ ኋላ፣ ጠበቅ አርገሽ ሳቢ።

ጭፈራውን የማያውቅ የለም። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ «ቅረቢ» ሲል ይጠጋጋሉ፣ «ወደ ኋላ» ሲል ይራራቃሉ። ሕፃናት ሳይቀሩ ይችሉበታል። ለምን እንደዚያ እንደሚጨፈር የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ባለፈው ዓመት ዘፋኙ በራዲዮ ቀርቦ ነበር። አርጅቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ ወፈር ብሎ ለስላሳ። ጠያቂዋ ልጅ ዘፈኑን ለማን እንደጻፈው ጠየቀችው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወሬ ማሳመር ያውቅበታል። ከዚያ ባቡር ጣቢያ ላይ ስለተለያት ልጅ ማውራት ጀመረ። እጇን በመስኮት በኩል እንደያዘ ባቡሩ እንደተንቀሳቀሰ፣ እሱም አብሮ እንደሮጠ ተረከ። ጠያቂዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ራዲዮውን ዘጋሁት። ምን ባቡር? የምን ልጅ? አንሶላ ነበር እኮ።

እናቴና አክስቴ የሚሠሩት አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ነበር። የሆቴሎች አንሶላ፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብስ፣ ሁሉም በጆንያ ታስሮ በኋላ በር ይገባል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶና ታጥፎ በፊት በር ይወጣል። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ቀጥታ ወደዚያ ነበር የምሄደው። የማጠቢያው ክፍል መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ጥርስ ያንገጫግጫሉ፣ በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። የማጠፊያው ክፍል ግን ደረቅና ሞቃት ነበር። እኔም ገና ያልታጠፉ የትራስ ልብሶች ክምር ላይ እወጣና ጋደም እላለሁ። ከዚያ የተሻለ አልጋ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ትልቅ አንሶላን ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆሙና እያንዳንዳቸው ሁለት ጫፍ ይይዛሉ። ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ሲስቡት ጭምድዱ ይወጣል። ጫፍ ከጫፍ ያጋጥማሉ፤ ይጠጋጋሉ፤ አንደኛዋ የሌላዋን ጫፍ ትቀበላለች፣ ሌላዋ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ከታች ታነሳለች፤ እንደገና ይራራቃሉ። የአንዷ ቁመት ከሌላዋ ከበለጠ አንሶላው ይጣመማል። ስለዚህ አለቃው ሴቶቹን የሚያጣምራቸው በቁመት ነበር። አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከራስ እስከ እግር ስለሚለካቸው «ሜትሮ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እናቴና አክስቴ ደግሞ በቁመት ልክክ ያሉ ነበሩ።

አክስቴ እያጠፈች ትዘፍናለች። ድምፅዋ ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለ ነው። «ነይ ጫፉን ያዢልኝ» ስትል እናቴ ጫፉን ትይዛለች። «ወደኔ ቅረቢ» ስትል ትቀርባለች። «ደሞ ወደ ኋላ» ስትል ሁለቱም ሸርተት ይላሉ፣ አንሶላው በመሀላቸው ጧ ብሎ ይወጠራል። እኔ ከክምሬ ላይ ሆኜ እያየሁ ደስታ አይበቃኝም ነበር። እህትማማቾች ጨዋታ ላይ ናቸው ብዬ ነዋ! ሌሎቹ ሴቶች ሲያጥፉ ስለ ኪራይ ያወራሉ፣ ባሎቻቸውን ያማሉ፤ የኔዎቹ ግን ይጫወታሉ። እናቴ አንድም ቀን አብራ ዘፍና አታውቅም። ድምፅዋ ስለማያምር አፍራ ነው ብዬ ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ አፈ ቀላጤ ነበርኩ።

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሳሙናው አልቋል» ትላለች አክስቴ። እናቴ እዚያው፣ እጅ ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ቁጭ ብላለች። እኔ ዞር ብዬ፣ «እማዬ፣ ሳሙናው አልቋል» እላለሁ።

«ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ነገ ስመለስ አመጣለሁ።»

«እታለም፣ ነገ ስትመለስ ታመጣለች።»

«እሺ በያት።»

«እማዬ፣ እሺ ብላለች።»

ሹመቱ ያኮራኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሴቶችና አንድ ልጅ ያሉበት ቤት ሁሉ እንደዚህ የሚተዳደር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጄ እናቷና አክስቷ ቀጥታ ሲነጋገሩ ሳይ ልጅቷን በጣም አዘንኩላት። እንግዲህ አያምኗትም ማለት ነው አልኩ። እኔ መልእክት ማድረስ ብቻ ሳይሆን ከራሴም ጨመር አደርግ ነበር። እናቴ «ትብላ፣ ይቀዘቅዛል በያት» ካለች እኔ «እታለም፣ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም ብላለች» እላለሁ። አክስቴ እናቴን ሳይሆን እኔን ትክ ብላ ታየኝና ትንሽ ትቀምሳለች። እናቴም አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ያኔ እኔ ቤቱን ተሸክሜ የቆምኩ ያህል ይሰማኛል።

ማሙሽ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ከኔ በትንሽ የሚያንስ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፣ እሱ በግድግዳው በኩል። ከዚያ አንድ ሰሞን ማሙሽ ጠፋ። ስጠይቅ «አባቱ ጋ ሄደ» አሉኝ። አባቱ ደግሞ ሩቅ አገር ነው ሲባል እሰማ ነበር። የግድግዳው በኩል ለኔ ተለቀቀልኝ። ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

እውነቱን የነገረችኝ ልብስ ተኳሿ ናት፣ የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ። ከማጠፊያው ቀጥሎ ባለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ የምትቆም፣ ሁሉን የምትሰማ ሴት ነበረች። «መጀመሪያ የታመምሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ትኩሳት ያዘኝ፤ እናቴ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ፤ ለቀቀኝ። ቀጥሎ ማሙሽን ያዘው። አክስቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ እናቴ ግን የእረፍት ቀኗ ነበር። እኔን ያሻለኝን ጨርቅ ለሱም ነክራ አደረገችለት። «የልጆች ትኩሳት ነው፣ ይወርድለታል» አለች። ሐኪም ዘንድ አልወሰደችውም፤ ለምን ትውሰደው፣ እኔ ድኜ አጠገቧ እየተጫወትኩ? አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ልጇ አልነቃላትም።

ከቀብር እንደተመለሱ አክስቴ በር ላይ ቆማ ሰው ሁሉ እየሰማ ማለች። «ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ጋር ቃል ብለዋወጥ የልጄ አጥንት ይውጋኝ!» አለቻት። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ግን የት ትሂድ? ቤቱ እናታቸው ለሁለቱም ትታላቸው የሞተችው ነው። ሥራ ቦታም ብትሆን አክስቴ ሜትሮን ከሌላ ሴት ጋር እንዲያጣምራት ለምናው ነበር። ሞክሮላት አንሶላው እየተጣመመ ሆቴሎቹ መለሱበት። «ምን ላድርግሽ፣ እግዜር እኩል አድርጎ የፈጠረው እናንተን ነው» አላትና ከእናቴ ፊት መልሶ አቆማት። እንግዲህ ሳይነጋገሩ ማጠፍ ጀመሩ። አንዷ ስትስብ ሌላዋ ትለቃለች፤ አንዷ ስትቀርብ ሌላዋ ትሸሻለች፤ የታጠበው አንሶላ መሬት ይወድቅና እንደገና ወደ ማሽን ይገባል። ሜትሮ ሁለታችሁንም አባርራለሁ ማለት ጀመረ። በዚህ መሀል ነው አክስቴ አንድ ቀን ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ መዝፈን የጀመረችው።

ዘፈን ንግግር አይደለም። ለማንም ያልተባለ ነገር ነው፤ የፈለገ ይሰማዋል። መሐላዋን አላፈረሰችም። እናቴም ታዘዘች፣ አንሶላውም መሬት መውደቁን ተወ። ልብስ ተኳሿ «እኛ ሌሎቻችን በዚያን ዘፈን ስንት ጊዜ ተደብቀን አለቀስን መሰለሽ፣ አንቺ ክምር ላይ ሆነሽ ስታጨበጭቢ» አለችኝ።

እኔ ራሴ አጥርቼ የማስታውሰው የዘፈኑን የመጨረሻ ሰሞን ነው። ዘፈኑ ረዝሞ ነበር። አክስቴ ለማጠፍ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ እየጨመረች መጥታለች። እናቴ የታመመች ሰሞን፣ ፊቷ ገርጥቶ ስታጥፍ፣ አክስቴ እንዲህ አለች፤

እጅሽ ዝሏል መሰል፣ አረፍ በይ ለጊዜው፣
ሸክሙ የሁለት ነው፣ በጋራ እንያዘው።

እናቴ የያዘችውን እንደያዘች ቆመች። አንሶላው ደረቷ ላይ ተከማችቷል። አክስቴ ወደ መስኮቱ ታያለች። እኔ አዲሱ ግጥም ስላማረኝ «ድገሚው!» ብዬ ጮህኩ። አልደገመችውም። እናቴ የዚያን ቀን ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ጨብጣ እየሄደች ለብቻዋ ትስቅ ነበር፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ሳሙናው ነው» አለችኝ።

ዘፋኙ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ያኔ ወጣት ነበር፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይዘፍናል። ነጭ ኮቱን ከልብስ ተኳሿ በቀር ለማንም አይሰጥም፤ እስኪተኮስም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የተኩሱን ክፍል ከማጠፊያው የሚለየው ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ምት ሲመቱ አየሁት። ኮቱ አልቆ ተሰቅሏል፣ እሱ ግን አይነሳም። ከዚያ ወዲያ ኮቱ ሳይቆሽሽም ማምጣት ጀመረ።

አንድ ቀን እናቴን ግቢው ውስጥ፣ ጆንያ ስትቆጥር አገኛት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«እህትሽ ናት አይደል የምትዘፍነው?» አላት።

«አዎ፣ እህቴ ናት።»

«ዘፈኑ የማን ነው?»

«የራሷ ነዋ! ከሆዷ ነው የምታወጣው።»

«ዜማው ገብቶኛል፤ ግጥሙ ነው እየተቆራረጠ የሚደርሰኝ። ብትነግሪኝ እኮ በራዲዮ ይሰማል። አገሩ ሁሉ ያውቃታል።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ላይ ጠረገች። ደረቅ እጅ ነበር፣ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። «የሷ መሆኑ ይነገራል?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው እቴ! ካሴቱ ላይ ይጻፋል።»

ነገረችው። ቃል በቃል፣ ሳትዘፍን፣ ልጅ ትምህርቱን እንደሚያነበንብ አድርጋ። የመጨረሻውንም፣ ሸክሙን፣ አልደበቀችም። ሲሄድ እኔን በሁለት እጇ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ «ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ስጦታ ነው፣ ድንገት ሲሆን ነው የሚያምረው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ ብቻ ነበር። ስንት መልእክት ያደረስኩት እኔ የማላውቀው ችግር ገጠመኝ፤ አንዱን ደብቆ መያዝ። ሆዴ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም።

ለምን እንዳደረገችው ዛሬ ይገባኛል። እህቷ እጇን ዘርግታላት ነበር፤ እሷም መልስ መስጠት ነበረባት። በቃል እንዳትመልስ፣ መሐላው አለ። በዘፈን እንዳትመልስ፣ አልተሰጣትም። ስለዚህ ያላትን ትልቅ ነገር አሰበች፤ የእህቷ ድምፅ ዋጋ እንዳለው ዓለም እንዲያውቅ ማድረግ። እንዳሰበችው ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

የማጠፊያው ክፍል መደርደሪያ ላይ ራዲዮ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብታ የአንሶላው ብናኝ ሁሉ በሚታይበት ሰዓት፣ ዘፈኑ መጣ። መጀመሪያ ሙዚቃው ነው፣ ፈጠን ያለ፣ ከበሮ ያለበት። ሴቶቹ ወዲያው አልለዩትም። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ «ነይ እጄን ያዢልኝ» ሲል ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። አንዷ «ያንቺ አይደለም እንዴ?» እያለች ወደ አክስቴ ሮጠች። ሌላዋ ታጨበጭባለች። ከኋላ ሁለት ሴቶች አንሶላቸውን እንደያዙ በምቱ መሄድና መመለስ፣ መሣቅ ጀመሩ። ጭፈራው የተጀመረው እዚያ ነው እላለሁ እኔ።

እናቴ ዓይኗን ከእህቷ ላይ አልነቀለችም። ስጦታ ሰጥቶ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ።

አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሰውዬው «ሸክሙ የሁለት ነው» ብሎ፣ ቃሉን ለጠጥ አድርጎ፣ ሴት እንደሚያባብል ወንድ ሲዘፍነው ሰማችው። የያዘቻቸውን ጫፎች ለቀቀች። አንሶላው መሬት ወደቀ፤ ረግጣው አለፈችና እናቴ ፊት ቆመች። ከዚያ ቀጥታ ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረቻት።

«ይሄንንም ወሰድሽብኝ?»

እኔ ከክምሬ ላይ ዘልዬ ወረድኩ። ይሄን ያህል ጊዜ ሳመላልስ የኖርኩት ነገር ሁሉ አበቃ፤ ተነጋገሩ! በተኩሱ ክፍል በር እየሮጥኩ ገብቼ «ታረቁ! እታለም እማዬን አናገረቻት! በአፏ! ራሷ!» እያልኩ ልብስ ተኳሿን በቀሚሷ ጎተትኳት። ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ምን አለቻት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ይሄንንም» የሚለው ትንሽ ግራ እንዳጋባኝ አስታውሳለሁ፤ ሌላ ምን ወስዳባት ያውቃል እማዬ? የሰው ልብስ ከካውያው ሥር ሲቃጠል ሸተተኝ።

አክስቴ ከዚያ ቀን ወዲያ አልዘፈነችም። ያ ዘፈን የሷና የእህቷ ብቻ ነበር፤ መሐላዋን ሳትነካ የምታልፍበት አንዲት ጠባብ በር። አሁን ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ሁሉ ይዘፍነዋል። አፏን ብትከፍት እንደማንኛውም ሰው የራዲዮ ዘፈን ልታንጎራጉር ነው። ካሴቱ ሲወጣ ደግሞ ግጥምም ዜማም የሰውዬው ሆኖ ተጻፈ። እናቴ ካሴቱን ከሱቅ ገዝታ ጀርባውን አንብባ ስታበቃ ለባለሱቁ እዚያው መለሰችለት።

አንሶላው እንደገና መውደቅ ጀመረ። አክስቴ ራሷ ጠይቃ ወደ ማጠቢያው ክፍል፣ ማንም ማንንም ወደማይሰማበት ጩኸት ተዛወረች። ብዙም ሳትቆይ ከከተማው ዳር ክፍል ተከራይታ ወጣች። ዕቃዋን ስታወጣ በሩ ላይ ተገትሬ «ለእማዬ ምን ልበላት?» አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። «የሚባል ነገር የለም፣ የኔ እናት» አለችኝ። እንግዲህ ሥራ ፈታሁ። ተናድጄ እናቴን ለብዙ ቀን አኮረፍኳት፤ አክስቴን ያባረረቻት እሷ መስላኝ ነበር። እናቴ ኩርፊያዬን ተቀበለችው። ኩርፊያ ለምዳ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ ተማርኩ፣ አገባሁ፤ በሠርጌ ባንዱ ሳልጠይቀው ያንን ዘፈን ጀመረና አዳራሹ ተነሳ፤ እናቴን ዞር ብዬ ባያት ወንበሯ ባዶ ነበር። አክስቴ አልመጣችም። እናቴ በየበዓሉ በሯ ድረስ ትሄዳለች፤ አክስቴ ትከፍትላታለች፣ ወንበር ትስብላታለች፣ ሻይ ታቀርብላታለች፣ አትናገራትም። እንዲህ ሆነው ሁለቱም አረጁ።

አክስቴ በመጨረሻ ሆስፒታል ገባች። እናቴ በየቀኑ በጥየቃ ሰዓት ትሄዳለች፤ እኔ ስችል እሸኛታለሁ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። እናቴ ጀርባዋን እያየች ትቀመጣለች። ሐኪሙ ነገሮች እየተቀላቀሉባት ነው ብሎ ነግሮናል፤ ሰው አትለይም፣ የምትለውን አትቁጠሩት አለን። እኛ ጋ ግን ምንም ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ወጣት ነርስ የጎረቤቱን አልጋ ስታነጥፍ ያንን ዘፈን ታንጎራጉር ጀመር። «ነይ እጄን ያዢልኝ» አለች።

«እጄን አይደለም» አለች እናቴ። «ጫፉን ነው የሚለው።»

ነርሷ ሣቅ ብላ «እንደሱ ነው እንዴ፣ እማማ?» አለችና ወጣች። እናቴ ግን ጀምራዋለች። ዕድሜ ልኳን ሳትዘፍነው የኖረችውን፣ በተሰነጣጠቀ ድምፅ፣ ከዜማው እየወጣች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ዘፈነችው። ጫፉን አለች፤ ቅረቢ አለች። ሸክሙ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ልታቆመው አልቻለችም። በሽተኞቹ ቀና ቀና እያሉ ያዩናል። ትከሻዋን ያዝኳት፤ እጄን ገፋችው።

አክስቴ ከግድግዳው ዞረች። ቀስ ብላ፣ በክርኗ ተደግፋ። ዓይኗ ክፍት ነበር፣ እናቴንም አየቻት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ቀስ በይ እንጂ» አለቻት። «ልጁ ገና አሁን መተኛቱ ነው።»

እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ እጇን አንስታ የእህቷን ብርድ ልብስ ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችላት።

«እሺ» አለቻት በሹክሹክታ። «እኔ አጠገቡ ነኝ። አንቺ ተኚ።»

አክስቴ አመነቻትና ዓይኗን ከደነች።